የታታ ሐይቅ ሽንሽን አሸዋ

ሆላንድ፣ መስከረም 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ረታ፣

እንኳን ከዘመን ዘመን በሰላም አሸጋገረዎ። የዘንድሮው ደመራ ወደ የት እንደወደቀ እስካሁን አልነገሩኝም፤ ለጴንጤ አይነገርም ካላሉ በቀር። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ዝናቡ ከላይ ሳይሆን ከጎን ነው የሚመጣው። ጃንጥላ የያዘ ሰው ካዩ እንግዳ ነው።

እማዬ ከምትሠራበት ከኩሌ የስደተኞች ካምፕ ወደ ከተማ ስትገባ ትደውልልኛለች፤ የእርስዎንም ወሬ የምሰማው ከእሷ ነው። ስልክ እንደማይወዱ ስለማውቅ ይኸው በእጄ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ ለቤዚ ላክሁት። ፎቶ ኮፒ ቤቷ ውስጥ አትማ ታመጣልዎታለች። እርስዎም የጻፉትን ለእሷ ይስጧት፣ ትልክልኛለች።

የዛሬው ደብዳቤ ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም። ምን እንደምማር በጠየቁኝ ቁጥር "ስለ አሸዋ" እያልኩ አልፌዎታለሁ። አሁን በደንብ ልንገርዎት። ባሮ ሲጎድል አሸዋው ላይ የሚቀረውን ሽንሽን ያውቁታል፤ እሱ በወንዝ ፍሰት የሚሠራ ነው፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። እኔ የማጠናው በማዕበል የሚሠራውን፣ ሁለቱ ጎኑ እኩል የሆነውን ነው። ማዕበል ከላይ ሲያልፍ ከሥር ያለው ውሃ አሸዋው ላይ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ምልልሱ ሲረዝም ሽንሽኑ ይሰፋል፣ ሲያጥር ይጠባል። በደፈናው የሽንሽኑ ስፋት የምልልሱ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። እንግዲህ ማዕበሉን ያወቀ ሰው አሸዋውን ሳያይ መጠኑን መተንበይ መቻል አለበት። የእኔ ሥራ ያ ትንበያ ነው። በመስታወት ገንዳም በባሕርም ሞክሬው ሠርቷል። የቀረኝ ማዕበሉ ትንሽ የሆነ ሐይቅ ነው። ስንት ሐይቅ እያለ የአባቴን አገር ታታን መረጥሁ።

ስለዚህ ወደ ጎግ ወርደው አጎቴ ኦሞድ ጋ ቢሄዱልኝ። አባቴ ከሞተ ወዲህ እዚያ አልሄድኩም፤ ሳስበው ያሳፍረኛል። ሥራው ቀላል ነው። ጉልበት በሚደርስ ውሃ ውስጥ የማዕበሉን ቁመትና በስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ይይዙልኛል። ከዚያ ስስ ቆርቆሮ ግሪስ ቀብተው ሽንሽኑን አቋርጠው ወደ አሸዋው ይሰኩታል፤ አሸዋው ተጣብቆ ቅርጹን ይዞ ይወጣል፣ ደረቅ መሬት ላይ ይለኩታል። የማዕበሉን ቁጥር ቀድመው ይላኩልኝ። የአሸዋው እስኪመጣ እኔ ስሌቴን ሠርቼ ለፕሮፌሰሬ አስረክባለሁ።

ግምቴን ግን አልነግርዎትም። አይቆጡኝ፤ እጅዎ ሳያውቅ ወደ እኔ እንዳያደላ ነው።

በጸሎት የማስብዎ፣
አጁሉ


ጋምቤላ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ አጁሉ፣

የሰማይ አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ፣ ከዚያ ልብስ ከማይደርቅበት አገር በደህና ያውጣልኝ። ጤናዬን የጠየቅሽ እንደሆነ ከጉልበቴ በቀር የሚያጉረመርም የለም፤ እሱንም ሐይቅ ውስጥ የገተርሽው አንቺ ነሽ።

ሄድኩልሽ። በጎግ መኪና፣ በአንዲት ፍየልና በባለቤቷ መሃል ተቀምጬ። ኦሞድ ቁርጥ አባትሽን ነው፤ ሲስቅ ደግሞ አንቺን። "የወንድሜ ልጅ ነው የላከህ?" ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። አማርኛው ሲቸኩል አንቺን ወንድ ያደርግሻል፤ የእኔን አኙዋክኛ ብትሰሚው ግን በእሱ አትስቂም። አዎ ስለው "ምን ፈለገ?" አለኝ። የአሸዋችሁን ሽንሽን ልለካላት ነው ስለው ከራሴ እስከ እግሬ አየኝ። ጨዋ ሰው ነው። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ የሚለውን ተረት ቢያውቅ ኖሮ ግን ይተርትብኝ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ፣ ንፋሱ ገና ሲነሳ፣ ሱሪዬን ጠቅልዬ ሴቶቹ ውሃ የሚቀዱበት ቦታ ገባሁ። ኦሞድ ጦሩን ይዞ አጠገቤ ቆሞ አዞ ይጠብቅልኛል። "ካለ እኔ ቀድሜ አየዋለሁ" አለኝ። ከሌለስ እንዴት ታየዋለህ አልኩት። ቆርቆሮው መጀመሪያ አንሸራተተኝ፣ ቀጥሎ ግሪሱ ሳሳ። አጎንብሼ አሸዋውን እያየሁ ራሴን ስነቀንቅ ቆየሁ። የኦሞድ ሚስት ጣቢታ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ዳር ላይ ሆና ታየኛለች። ፊቷ ደስ አላለኝም፤ ውሃ እንዳትቀዳ የከለከልኳት መስሎኝ ነበር።

በመጨረሻ ተሳካልኝ። ቆርቆሮው ላይ ተራራና ሸለቆ ተሰልፎ ሲወጣ እንደ ልጅ ጮህኩ። የማዕበሉን ቁጥር እንዳዘዝሽው ፑኝዶ ከተማ ላይ ኔትወርክ ሳገኝ ቀድሜ ልኬልሻለሁ። ይኸው ደግሞ የአሸዋው፦ ከአንዱ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ጫፍ አሥራ አንድ ሳንቲም። ደጋግሜ ነው የለካሁት።

የብስክሌት አገር ነው አሉ ያለሽበት። የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ለብስክሌቴ ደወል ላኪልኝ። የድሮው ተሰብሮ ዛሬ ዛሬ መንገድ የማስለቅቀው በማሳል ነው።

ጋሼሽ ረታ


ጋምቤላ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ አጁሉ፣

በዓለ ልደቱን በደስታ ያሳልፍሽ።

መልስ አልመጣም። ቤዚን ስጠይቃት "ጋሼ፣ አይታዋለች፣ ስልኬ ላይ ሁለት ሰረዝ ሆኗል" አለችኝ። እኔ በሰረዝ አላምንም። አሞሽ እንደሆነ ንገሪኝ፣ ተጣልተሽኝ እንደሆነም ንገሪኝ። አቤኔዘር፣ ጎረቤቴ፣ "ምሁር ሲሆኑ እንዲህ ነው" ብሎኝ አኩርፌዋለሁ።

ደወሉ ይቅር። መልሱን ላኪ።

ረታ


ሆላንድ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ ጋሼ፣

እንኳን ለጥምቀቱ አደረሰዎ። ውሃ ሲረጩ ለእኔም ይድረሰኝ፤ የእኛ ፓስተር አይሰማም።

ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። አጎቴን እንዴት አድርገው እንደገለጹልኝ! ደብዳቤውን ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ጦሩ ጋ ስደርስ ሳቅሁ፣ አባቴን ይመስላል ያሉት ጋ ስደርስ ግን ቆምኩ።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ባይከብድዎ ታታ ሄደው እንደገና ቢለኩልኝ። ያው በመጀመሪያው መንገድ፣ ማዕበሉ ቀድሞ፣ አሸዋው ኋላ። ለምን እንደሆነ አሁን ባልናገር እመርጣለሁ።

ደወሉ ተገዝቷል። የሚመጣ ሰው እየፈለግሁ ነው።

አጁሉ


ጋምቤላ፣ ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጁሉ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን።

አሥራ አንድ አሥራ አንድ ነው። ጠመኔ ጨርሼ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ካርታ ላይ ሳንቲም የሳትኩበት ቀን የለም። ግምትሽን አትነግሪኝም፣ እሺ። ልኬቴ ምን ሆነ ብዬ ስጠብቅ ደግሞ "እንደገና" ትይኛለሽ፣ ምክንያቱንም አትነግሪኝም። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል፤ የስሌቱን ሊጥ ማን እንዳቦካው ግን አልናገርም።

ሌላም አለ። እናትሽን ስለ አንቺ ስጠይቃት ስለ ካምፑ የክትባት ዘመቻ ታወራኛለች። እናትሽ አልማዜ የአክስቴ ልጅ ናት፣ አብረን ነው ከጎሬ የወረድነው፤ ስትሸሽ አውቃታለሁ። እሑድ አፋጠጥኳት። እዚያው ባሕር ላይ የሚሠራ ድርጅት ሊቀጥርሽ እንደሚፈልግ ነገረችኝ። እሰይ፣ ደስ ይላል። ግን ከእኔ ለምን ተሸሸገ?

ልጅ እንደሌለኝ ታውቂያለሽ። ሰባተኛ ክፍል ሆነሽ "ወንዙ ለምን ይጠማዘዛል?" ብለሽ ክፍሉን ካስቆምሽበት ቀን ጀምሮ፣ ይህቺ አንድ ቀን ተምራ ተመልሳ መጥታ ትነግረናለች እያልኩ ነው የኖርኩት። በልቤ ይዤው ነበር፤ ይኸው አወጣሁት። ከፈለግሽ ቅሪ። ሳትነግሪኝ ግን አትቅሪ።

ረታ


ሆላንድ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ ለጋሼ ረታ፣

ጉልበትዎን ይሳሙልኝ ብል ራስዎ መሳም አይችሉም፤ ስለዚህ ከዚህ ሆኜ እኔው ስሜዋለሁ።

ሁሉንም ልንገርዎት። እርስዎ የላኩትን ማዕበል ይዤ ለፕሮፌሰሬ ያስረከብኩት ግምት ስድስት ሳንቲም ተኩል ነበር። እርስዎ አሥራ አንድ አሉኝ። እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ፕሮፌሰሬ "ወይ ስሌቱ ተሳስቷል፣ ወይ ለኪው" አለኝ። ለኪውን አውቀዋለሁ አልኩት። "እንግዲያው ስሌቱ ነዋ" አለ። ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። እርስዎን ተጠራጥሬ አይደለም፤ እርስዎን ካመንኩ የራሴን ሥራ ማፍረስ ስለነበረብኝ ነው።

ያሰብኩት አንድ ነገር አለ። ያ ያዩት ሽንሽን የዚያን ቀን ማዕበል የሠራው ላይሆን ይችላል። የክረምቱ ትልቅ ማዕበል ሠርቶት ሄዶ፣ አዲሱ ትንሽ ማዕበል ለማፍረስ ጉልበት አንሶት ይሆናል። ይህንን ስል ግን ፕሮፌሰሬ ሳቀ፤ የተሸነፈ ሁሉ እንዲህ ይላል አለ። ማስረጃ የለኝም።

የሥራው ነገር እውነት ነው። እስከ ፋሲካ መልስ ስጪ ብለውኛል። በሌላ በኩል የመመረቂያ ጽሑፌ የታታ ምዕራፍ ከጸናልኝ ትምህርት ቤቱ ለአንድ ዓመት እዚያው ሐይቁ ላይ ሊያሠራኝ ፈቅዷል፤ ዳርቻው ለምን በአሸዋ እንደሚሞላ፣ ዓሣው የሚራባበት ሥፍራ ምን እንደሚሆን። ምዕራፉ ከወደቀ ያም ይወድቃል፣ እኔም እዚህ እቀራለሁ። ለእማዬ ሁለቱም ጥሩ ነው ብያታለሁ። ለእርስዎ አልዋሽም፤ መምጣት ነው የምፈልገው። በጣም ነው የምፈልገው። እርስዎን ደብቄ ሳይሆን፣ ጮክ ብዬ ተናግሬው ቢቀርብኝ ፈርቼ ነው።

የቻሉ እንደሆነ አንድ ጊዜ ብቻ ይሂዱልኝ። ያገኙትን ይጻፉልኝ፣ አሥራ አንድም ቢሆን።

ልጅዎ አጁሉ


ጋምቤላ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣ ዓይኔ፣ አጁሉ፣

የጾሙ ወራት በረከቱን ያድለን። ደብዳቤሽን ሳነብ መነጽሬ ጭጋግ ለበሰ፤ የጋምቤላ የካቲት ጭጋግ እንደሌለው ታውቂያለሽ።

ለኦሞድ እንደምመጣ አስነግሬ በሚቀጥለው መኪና ወረድኩ። ጎግ ደርሼ፣ ከኦሞድ ጋር ሰላም ተባብለን፣ ሐይቁ ዳር ብሄድ ሽንሽን የሚባል የለም! ከዳር እስከ ወገብ ጥልቀት ድረስ አሸዋው ለጥ ያለ ሜዳ ሆኗል። ውሃው የጠራ ስለነበር እንደ ተለሰነ ወለል ይታየኛል። "ኦሞድ፣ አሸዋው ምን ሆነ?" ስለው ኮራ ብሎ "ተጠረገ" አለኝ።

ለካስ ያኔ አጎንብሼ ራሴን ስነቀንቅ ጣቢታ የተረዳችው ሌላ ነው። አስቀምጣ ነገረችኝ። "አስተማሪ ከከተማ ድረስ መጣ፣ የውሃ መቅጃችንን ተጨማዶ አየ። ራስህን ነቀነቅህ። አጁሉ የላከችው ሰው ነው እኮ! እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ ይጠረጋል። በጣም ነው ያፈርኩ" አለች። እንደምመለስ ስትሰማ ሴቶቹን ሰብስባ፣ የአሮጌ ታንኳ ሳንቃ በገመድ አስረው ውሃ ውስጥ እየጎተቱ የሐይቁን ወለል ደልድለው ጠበቁኝ። የአኙዋክ ግቢ ሲጠረግ እንዴት እንደሆነ አንቺ አታጪውም፤ ቅጠል እንኳ ፈርቶ ነው የሚወድቅበት።

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፣ ፊቷን ሳይ ዘጋሁት። "እጅግ ያምራል" አልኳት። ምን ልበል? የአንቺ ዓመት ተጠርጎ ሄደ ብዬ ዛፍ ሥር ቁጭ አልኩ። ኦሞድ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ነገሩን ስነግረው አሰበና "ልጁ ስንት ነው የፈለገው?" አለኝ። ስድስት ምናምን ሳይሆን አይቀርም አልኩት። "እሱን ጻፍለት፣ ያልቃል።" አይሆንም፣ ሒሳብ እንዲህ አይሠራም ስለው ተናደደ። "ለልጅ ይከለከላል እንዴ?" እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔንም ዳድቶኝ ነበር። ግን አሥራ አንድም ቢሆን ጻፍልኝ ብለሽኛል።

"እንግዲያው ቁጭ በል፤ ከሰዓት ንፋስ አለ። ንፋስ መልሶ ይሠራል" አለኝ ኦሞድ። ተቀመጥኩ። ጣቢታ ሰው እንዳይገባበት ውሃ መቅጃውን ወደ ሌላ ቦታ አዛወረች፤ አሁን ገብቷት ነበር፣ ተናድዳም ነበር። ማምሻውን ገብቼ ሳየው አሸዋው እንደ በረደው ሰው ቆዳ ሽፍ ሽፍ ብሏል። በማግስቱ ማታ ሽንሽን ሆነ፣ ጠባብ ጠባብ። ከዚያ በኋላ ንፋሱ በየከሰዓቱ ቢመጣም ስፋቱ አልተለወጠም። ጉብታው ላይ ኔትወርክ እንዳለ ኦሞድ አሳይቶኝ የማዕበሉን ቁጥር ከዚያ ላክሁልሽ፤ ከኅዳሩ ትንሽ ከፍ ይላል። አሸዋውን የለካሁት ከዚያ ወዲህ ነው።

ስድስት ሳንቲም ከስምንት ሚሊ።

ከአሥራ አንዱ ለምን እንደራቀ አላውቅም። ልኬን ግን አምናለሁ፤ ያኛውንም ይህኛውንም። ልክ ሆነም አልሆነም ያልሽው ሥራ ቢሻልሽ ያዢው። እኔ እመርቅሻለሁ፣ አላኮርፍም። ለአንድ ቀን ካኮረፍኩም ለአቤኔዘር ነው የምነግረው።

ጋሼሽ ረታ


ሆላንድ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ረታ፣ ለአጎቴ ኦሞድ፣ ለእናቴ ለጣቢታ፣

ሕማማቱን በሰላም አሳልፎ ለትንሣኤው ያድርሳችሁ።

ሰባት ሳንቲም። በአዲሱ የማዕበል ቁጥር ያስረከብኩት ግምት ሰባት ሳንቲም ነበር!

ጋሼ፣ የደረሰውን ይረዱልኛል? አሥራ አንዱም ልክ ነበር። የክረምቱ ማዕበል የተወው አሮጌ ሽንሽን ነው፤ ማስረጃ አጥቼለት ነበር። ማስረጃው አሮጌውን አጥፍቶ ከሜዳ መጀመር ብቻ ነበር። እዚህ ገንዳ ውስጥ እኔው በእጄ እደለድለዋለሁ። ሰዎችን ግን ሐይቅ ጥረጉልኝ ብዬ እንዴት አፌን ሞልቼ እጠይቃለሁ? ሐሳቡ መጥቶልኝ አፍሬ ተውኩት። እነሱ ደግሞ በእኔ ስም አፍረው ጠረጉት። ፕሮፌሰሬ ደብዳቤዎን እንድተረጉምለት ጠየቀኝ፤ ሳንቃው ጋ ስደርስ ተነሥቶ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ። ከዚያ "ምዕራፉ ይቆያል" አለኝ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ወጥቼም ለድርጅቱ አይሆንልኝም ብዬ ጻፍኩ። ለእማዬ ከእርስዎ በኋላ ነው የምነግራት፣ ይህን አንድ ጊዜ ይቅር ትበለኝ።

ክረምቱ ሲወጣ፣ በጥቅምት እመጣለሁ። ለዓመት። ታታ ዳር።

ለጣቢታ ይንገሩልኝ፦ ከመምጣቴ በፊት ያንኑ ቦታ በዚያው ሳንቃ አንዴ ቢጠርጉልኝ። ስደርስ ተጠርጎ ባገኘው ሥራዬን ያን ዕለት እጀምራለሁ።

የእናንተው አጁሉ


ጋምቤላ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ አጁሉ፣

ያሰብሽውን የፈጸመልሽ አምላክ መንገድሽንም ያቅናልሽ። ደብዳቤሽን ለእናትሽ ሳነብላት ከእኔ በኋላ መስማቷን ወዲያው አውቃ ተቆጣች፤ ቀጥሎ ስታለቅስ ቁጣዋን ረሳችው።

መልእክትሽን ይዤ ታታ ወረድኩ። ስምሽንና ጥቅምትን አንድ ላይ ስጠራ ኦሞድ ጦሩን ጣለው፤ ያን ቀን አዞ ቢመጣ አልቀን ነበር። የጥርጊያውን ነገር ስነግራት ጣቢታ ሳቀች፣ ከዚያ "አይሆንም" አለች።

"ምነው?" አልኳት።

"አንተ ስትመጣ የጠረግነው እንግዳ ስለሆንክ ነው። አጁሉ እንግዳ ናት እንዴ? የቤት ልጅ ናት። ለቤት ልጅ ማን ይጠርጋል? ትምጣና ራሷ ትጥረግ፣ እኛ ዳር ሆነን እናያታለን።"

ብለምናትም አልሰማችኝ። ኦሞድም ከእሷ ጋር ሆነ። ሳንቃውን ከፀሐይ አንስቶ ጥላ ውስጥ አስገባው፣ አሮጌውን ገመድ ፈትቶ ጣለው። አዲሱን በትከሻሽ ልክ ሊያስርልሽ ነው። ምን ያህል እንደምትረዝሚ ጠየቀኝ፤ እጄን ትከሻዬ ላይ አድርጌ እስከዚህ አልኩት። "አንተ ለኪ አይደለህም? በልክ ንገረኝ" አለኝ።

ስለዚህ ቁመትሽን በሳንቲም ጻፊልኝ።

ጋሼሽ ረታ